አምስት ሳጥን፦ አይሶመርን በመስቀለኛ ቃላት ፍንጭ ስለ መግለጽ

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ለክበባችን የግድግዳ ጋዜጣ በየአስራ አምስት ቀኑ የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት አዘጋጃለሁ። ባለፈው እትም አግድም 7 ላይ ‹ንጥረ ነገራቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የሚለያይ› የሚል ፍንጭ ሰጥቼ በአምስት ሳጥን አይሶመር እንዲሞላ ጠበቅሁ። ከሌላ ቃል ጋር የሚያቋርጠው የመጀመሪያው ሳጥን ብቻ ነበር። ከተማሪዎቹ እኩሌታዎቹ አይሶቶፕ ሞሉ፤ አንዲት ተማሪ ደግሞ አሎትሮፕ ጻፈች። ቁልቁል 4 ላይ ‹የግሉኮስ አይሶመር› ብዬ ፍሩክቶስን ስጠብቅ ጋላክቶስ መጣልኝ። ስህተቱ የተማሪዎቹ ነው ወይስ የእኔ? አይሶመርስ በአጭር ፍንጭ በትክክል እንዴት ይገለጻል?»

ውድ የሙያ ባልደረባዬ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱን ሳላዘገይ ልንገርዎ፤ ያጠፋው ፍንጩ ነው። አይሶመር የሚባለው የአቶሞቹ ዓይነትና ቁጥር ከሌላ ውሁድ ጋር እኩል ሆኖ አደራደሩ ግን የሚለይ ውሁድ ነው፤ ፍንጩ ይህን አይልም። እንዲያውም የሰጡትን ፍንጭ ቃል በቃል ከወሰድነው፣ ከክፍሉ ሁሉ ይልቅ በትክክል ያነበበችው አሎትሮፕ ብላ የጻፈችው ተማሪ ናት። በአማርኛ «ንጥረ ነገር» የምንለው እንደ ካርቦን፣ እንደ ኦክስጅን፣ እንደ ብር ያለውን፣ ከአንድ ዓይነት አቶም ብቻ የተሠራውን ነገር ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ጠባዩ የሚለያይ ሲባል ቀድመው የሚታወሱት አልማዝና በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ናቸው፤ ሁለቱም ካርቦን ሆነው ሳለ አንዱ ወረቀት ላይ ሲሳብ እየተላጠ ይቀራል፣ ሌላው መስታወት ይቆርጣል። ይህ የአሎትሮፕ ትርጉም ነው። አይሶቶፕ የጻፉትም ቢሆኑ ከመሬት ተነሥተው አልጻፉም፤ ካርቦን-12 እና ካርቦን-14 ንጥረ ነገራቸው አንድ ነው፣ በኒውትሮን ቁጥርና በክብደት ግን ይለያያሉ፣ የመጀመሪያው የተረጋጋ ሲሆን ሁለተኛው ጨረር እያመነጨ ይፈርሳል። ብቻ የአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች ኬሚካዊ ጠባያቸው እጅግ ስለሚቀራረብ፣ «ጠባያቸው የሚለያይ» የሚለው ሐረግ ለእነሱ የሚሠራው በግማሽ ነው። እኔ አራሚ ብሆን ለልጅቷ ሙሉ፣ ለአይሶቶፖቹ ግማሽ ነጥብ እሰጥ ነበር። አይሶመር ብሎ የሞላ ካለ ደግሞ፣ ከፍንጩ ሳይሆን እርስዎ በዚያ ሳምንት ካስተማሩት ተነሥቶ የገመተ መሆን አለበት።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው፤ ስለዚህ ስሙ እንዴት እንደ ወጣ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ሊቢግ የተባለው ኬሚስት፣ ጥቂት ሲነካኩት የሚፈነዳውን ብር ፉልሚኔት የሚባል ጨው ይመረምር ነበር፤ ቮለር ደግሞ በዚያው ዘመን የማይፈነዳውን ብር ሲያኔት መረመረ። ሁለቱ ጨዎች ሲተነተኑ በውስጣቸው የተገኘው ብር፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ልክ በልክ አንድ ሆነ። በዚያ ጊዜ የነበረው እምነት ይዘቱ አንድ ከሆነ ነገሩም አንድ ነው የሚል ስለነበር፣ ሊቢግ የቮለርን ልኬት ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በ1828 ደግሞ ቮለር ራሱ ከአሞኒየም ሲያኔት ዩሪያን አገኘ፤ በሽንት ውስጥ ያለውን፣ ዛሬ ገበሬው በማዳበሪያነት በጆንያ የሚገዛውን ማለት ነው። እነዚህም ሁለቱ ቢቆጠሩ 1 ካርቦን፣ 4 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅንና 1 ኦክስጅን ናቸው። እንግዲህ ስዊድናዊው በርዜሊየስ በ1830 ለእንዲህ ያሉት ነገሮች አንድ የጋራ ስም ሲፈልግ ከግሪክኛ ኢሶስ፣ ማለትም «እኩል»፣ እና ሜሮስ፣ ማለትም «ክፍል» ወይም «ድርሻ»፣ የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥሞ አይሶመር አለው።

ልብ ይበሉ፤ ስሙ የሚናገረው ስለ እኩልነቱ ብቻ ነው። ልዩነቱን አያነሣም። ፍንጭ ጸሐፊም ስሙን ሲተረጉም እኩልነቱን ጽፎ ልዩነቱን «ጠባይ» በሚል ልቅ ቃል ይሸፍነዋል፤ እርስዎ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ በፊደላችን ሲጻፍ የሚፈጠረው አጋጣሚ ነው። አይሶመርን በሳጥን ያስቀምጡት፦ አ፣ ይ፣ ሶ፣ መ፣ ር። አይሶቶፕን ከሥሩ ይጻፉ፦ አ፣ ይ፣ ሶ፣ ቶ፣ ፕ። ሁለቱም አምስት ሳጥን ይሞላሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳጥኖችም አንድ ናቸው። ሦስተኛ ዘመድም አላቸው፤ የክብደት ቁጥራቸው እኩል የሆኑ፣ ንጥረ ነገራቸው ግን የተለያየ አቶሞች፣ ለምሳሌ ካርቦን-14 እና ናይትሮጅን-14፣ አይሶባር ይባላሉ። እሱም አምስት ሳጥን ነው፣ እንዲያውም በመጨረሻው «ር» ከአይሶመር ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ተማሪው ከሚያቋርጡት ቃላት አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ሳጥን ቢያገኝ እንኳ በአይሶመርና በአይሶባር መካከል ገና አልወሰነም። ጥሩነቱ ትርጉሙም የተቀመጠው እዚያው፣ በሚለያዩት ሳጥኖች ውስጥ ነው፤ «መር» ክፍል፣ «ቶፕ» ከቶፖስ ቦታ፣ «ባር» ከባሮስ ክብደት ነው። አይሶመር ይዘቱ እኩል፣ አይሶቶፕ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ቦታው እኩል፣ አይሶባር ክብደቱ እኩል። ይህን ለተማሪዎችዎ አንድ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስቱን ደርድረው ቢያሳዩአቸው ከዚያ በኋላ የሚያደናግራቸው አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ፣ አይሶቶፕ የሚለውን ቃል ኬሚስቱ ሶዲ ለሳይንሱ ዓለም ያቀረበው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1913 ሲሆን፣ አርተር ዊን በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት ያወጣው ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው። የእርስዎን ፍንጭ ያበላሸው ቃልና ጨዋታው ራሱ በአሥራ ሰባት ቀን ልዩነት የተወለዱ ናቸው ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሠንጠረዡ አሠራር ልጨምር። በእንግሊዝኛ ጋዜጦች አይሶመር የሚለው ቃል ተዘውትሮ ይገባል፤ በእነሱ ፊደል አናባቢና ተነባቢ እየተፈራረቁ የሚመጡበት ስለሆነ ከሌሎች ቃላት ጋር መሻገር ይቀለዋል። ፍንጩም አንዳንዴ «የኬሚካል ዘመድ» እንደማለት ያለ ልል ነገር ይሆናል። ይህ ልልነት እነሱ ዘንድ ብዙ አይጎዳም፤ በአሜሪካኖቹ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ሳጥን በአግድምም በቁልቁልም ስለሚያገለግል፣ ፍንጩ ያልነገረውን የሚያቋርጡት ቃላት ይነግሩታል። የእኛ ግን ሌላ ነው። ከ26 ፊደል ይልቅ 33 በ7 ተባዝቶ 231 ፊደል አለን፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። «ሶ» በአግድም ቢገኝ በቁልቁልም ልክ ያንኑ «ሶ»፣ «ሰ»ን ወይም «ሱ»ን ሳይሆን፣ የያዘ ቃል መፈለግ አለበት። በዚህ ምክንያት የአማርኛ ሠንጠረዥ መሻገሪያው ጥቂት ይሆናል፤ የእርስዎም አግድም 7 በአንድ ሳጥን ብቻ የተሻገረው ለዚህ ይመስለኛል። መሻገሪያው ባነሰ መጠን ሸክሙ ሁሉ በፍንጩ ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ ከእንግሊዝኛው የተቀዳ ልል ፍንጭ በአማርኛ ሠንጠረዥ ውስጥ አይሠራም ባይ ነኝ።

አሁን ፍንጩን እንጠግን። የመጀመሪያው እርምጃ «ንጥረ ነገራቸው አንድ» የሚለውን ማንሣት ነው። በምትኩ «የንጥረ ነገሮቻቸው ምጣኔ አንድ» ብንልስ? ይህም አይበቃም። አቼቶን አቼቶ የሚያሰኘው አሴቲክ አሲድ 2 ካርቦን፣ 4 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው፤ ግሉኮስ 6፣ 12 እና 6 አለው፤ ፎርማሊን የሚዘጋጅበት ፎርማልዲሃይድ ደግሞ 1፣ 2 እና 1። የሦስቱም ምጣኔ አንድ ነው፣ ነገር ግን አቼቶን የግሉኮስ አይሶመር የሚል የለም። እኩል መሆን ያለበት ምጣኔው ሳይሆን የአቶሞቹ ቁጥር ራሱ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቃል «ሞለኪውላዊ ቀመር»፣ በአጭሩ «ቀመር» ነው። ሁለተኛው እርምጃ «ውሁድ»፣ ማለትም ከአንድ በላይ ንጥረ ነገር ተዋህዶ የተሠራ፣ የሚለውን ቃል ማስገባት ነው። አልማዝና ግራፋይት በቀመር ቢጻፉ ሁለቱም ካርቦን ተብለው ስለሚጻፉ «ቀመራቸው አንድ» የሚለው ብቻውን አሎትሮፕን ከበር አይመልስም፤ «ውሁድ» ሲባል ግን ይመለሳል።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ልዩነቱን ምን ብለን እንጥራው? ብዙ ማስታወሻዎች «ትስስራቸው የሚለያይ» ይላሉ። ይህ ለብዙዎቹ እውነት ነው። ኢታኖልና ዳይሜቲል ኢተር ሁለቱም 2 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ሆነው፣ በመጀመሪያው ኦክስጅኑ በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል፣ በሁለተኛው በሁለት ካርቦኖች መካከል ስለተቀመጠ አንዱ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ የአረቄ መንፈስ፣ ሌላው ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ የሚፈላ ጋዝ ሆነዋል። ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ብንጠይቅ መልሳቸው ፍጹም አንድ የሆነ፣ በሕዋ ውስጥ በተቀመጡበት አኳኋን ብቻ የሚለያዩ አይሶመሮችም አሉ። በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ኦሌይክ አሲድና ኢሌይዲክ አሲድ የካርቦን ሰንሰለታቸው እኩል ነው፣ ጥንድ ትስስሩም ያለው በአንድ ቦታ ነው፤ የመጀመሪያው እዚያ ላይ ይታጠፋል፣ ሁለተኛው ቀጥ ይላል፣ በዚህ ብቻ የመጀመሪያው በ13 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ ሁለተኛው 45 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ «ትስስር» የሚለው ቃል ግማሹን ቤተሰብ ውጭ ያስቀራል። እኔ የምመርጠው «አደራደር» የሚለውን ነው፤ የትስስሩን ቅደም ተከተልም፣ የሕዋ አቀማመጡንም ያቅፋል።

«ጠባያቸው የሚለያይ» የሚለውን ጨርሶ ቢተውት ይሻላል የምልበት ምክንያትም እዚሁ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1848 ወጣቱ ሉዊ ፓስተር ከታርታሪክ አሲድ፣ ማለትም በወይን ጠጅ በርሜል ግድግዳ ላይ ጨው ሆኖ ከሚጋገረው አሲድ፣ ጋር ቀመሩ አንድ የሆነውን ሬሲሚክ አሲድ የሚባለውን ነገር ጨው በክሪስታል መልክ አዘጋጀ። በማጉያ መነጽር ሲያየው ቅንጣቶቹ ሁለት ዓይነት ሆኑበት፤ የአንዱ ጠርዝ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ የሌላው ወደ ግራ፣ እንደ ቀኝና ግራ ጫማ። በወረንጦ አንድ በአንድ ለይቶ ሁለት ክምር አደረጋቸውና እያንዳንዱን በውኃ አሟሟ። አንዱ ሙሙት በውስጡ ያለፈውን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ወደ ቀኝ፣ ሌላው በዚያው መጠን ወደ ግራ አዞረው። እንዲህ ያሉ የመስታወት ግልባጭ አይሶመሮች የመቅለጫ ሙቀታቸው አንድ፣ እፍጋታቸው አንድ፣ በተራ መሟሚያ ውስጥ የመሟሟት መጠናቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው የሚገለጠው እንዲህ ያለ ብርሃን ሲያልፍባቸው፣ ወይም እንደ እነሱ ቀኝና ግራ ያለው ሌላ ሞለኪውል ሲያገኛቸው ነው፤ አፍንጫችን አንዱን ካርቮን እንደ ናና፣ የመስታወት ግልባጩን ደግሞ ካራዌይ እንደሚባለው የፈረንጅ ቅመም አድርጎ የሚያሸትተው በዚህ ምክንያት ነው። «ጠባያቸው የሚለያይ» የሚለው ፍንጭ እንግዲህ ለእነዚህ ጥንዶች ግማሽ እውነት ይሆናል።

ተማሪዎቹ የመስታወት ግልባጭን በአማርኛ እንዲቀምሱት ከፈለጉ «በረደ» የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ያስነብቧቸው፤ «ደረበ» ይሆናል። የደባርቅን ማለዳ የሚያውቅ ልጅ ይህንን አይረሳውም። ለተራው አይሶመር ደግሞ መ፣ ከ እና ረ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ሰጥተው ስንት ቃል ይወጣል ብለው ይጠይቁ። በሒሳብ ስድስት አደራደር አለ፤ በሕይወት ያሉት ቃላት ግን መከረ፣ ከመረ እና ከረመ ናቸው። ኬሚስትሪውም እንዲሁ ነው፣ በወረቀት ላይ የሚደረደር ሁሉ በጠርሙስ ውስጥ አይገኝም፤ 5 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን ያለው ፔንቴንም እንዳጋጣሚ አይሶመሮቹ ሦስት ናቸው። ምሳሌው አንድ እንከን አለው፣ እሱን ሳይነግሯቸው አይለፉ፤ የቃል ፊደላት በአንድ መስመር ላይ ስለሚሰለፉ ግልባጩ ቅደም ተከተሉን ይለውጣል፣ የሞለኪውል የመስታወት ግልባጭ ግን ቅደም ተከተሉን እንደያዘ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚገለብጠው።

እንግዲህ የተሰበሰበው ፍንጭ እንዲህ ይሆናል፦ «ከሌላው ጋር በቀመር አንድ፣ በአደራደር ልዩ የሆነ ውሁድ»። በነጠላ የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው። የእርስዎ ፍንጭ «ንጥረ ነገራቸው፣ ጠባያቸው» እያለ በብዙ ቁጥር ከተናገረ መልሱም በብዙ ቁጥር አይሶመሮች፣ ማለትም ስድስት ሳጥን መሆን ነበረበት። «ከሌላው ጋር» የሚለውም ለማሳመር አልገባም። አይሶመር እንደ ወንድም፣ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ባልንጀራ ያለ የዝምድና ቃል ነው፤ የማን ወንድም እንደሆነ ሳይነገር «ወንድም» ብቻውን ማንንም አይጠቁምም፣ የምን አይሶመር እንደሆነ ሳይነገርም አይሶመር የሚባል ውሁድ የለም። ብዙ ፍንጮች «ልዩ ዓይነት ውሁድ» ብለው የሚወድቁት ይህን ዝምድና ስለሚረሱ ነው።

ወደ ቁልቁል 4 ልምጣ። «የግሉኮስ አይሶመር» በአምስት ሳጥን ሲባል ፍሩክቶስም ጋላክቶስም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አላቸው። ሠንጠረዡም አይረዳም፣ ፍሩክቶስና ጋላክቶስ ሁለቱም በ«ክቶስ» ስለሚያልቁ ከታች ባሉት ሦስት ሳጥኖች የሚያቋርጥ ማንኛውም ቃል ምንም አይለይም። መሻገሪያውን በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ሳጥን ላይ ማድረግ፣ አለበለዚያ ፍንጩን ራሱ ማጥበብ ግድ ነው። ለማጥበብ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ማር ጥቂት ወራት በጋን ወይም በጠርሙስ ሲቀመጥ ከሥሩ ነጭ፣ አሸዋ የመሰለ ቅንጣት ይረጋበታል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ስኳር ተቀላቅሎበት ተሸጠልኝ ብሎ ሻጩን ይራገማል፤ የረጋው ግን አብዛኛውን የማሩ የራሱ ግሉኮስ ነው። ከላይ ፈሳሽ ሆኖ በሚቀረው ውስጥ የሚበዛው ፍሩክቶስ ነው፣ በውኃ ውስጥ ይበልጥ ስለሚሟሟ አይረጋም፣ ሲቀመስም ከግሉኮስ ይበልጥ ይጣፍጣል። አንዱን ቀመር በሁለት መልክ፣ ጠጣሩን ከሥር ፈሳሹን ከላይ አድርጎ በአንድ ጠርሙስ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ የቤት ውስጥ ላቦራቶሪ አላውቅም። ስለዚህ ለፍሩክቶስ «በማር ውስጥ ሳይረጋ የሚቀረው የግሉኮስ አይሶመር» ይበሉ። ለጋላክቶስ «ከወተት ስኳር እኩሌታው፣ የግሉኮስ አይሶመር» ማለት ይበቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጠለቅ አድርገው ማስተማር ከፈለጉ፣ ፍሩክቶስ ከግሉኮስ የሚለየው በትስስር ነው፣ አንዱ ኪቶን ሌላው አልዲሃይድ ስለሆነ፤ ጋላክቶስ ግን የሚለየው በአራተኛው ካርቦን ላይ ባለችው አንዲት የሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን) ቡድን አቅጣጫ ብቻ ነው። በአንድ ካርቦን ብቻ እንዲህ የሚለያየው ኤፒመር ይባላል፣ አራት ሳጥን።

እግረ መንገድዎን ከሱክሮስ ይጠንቀቁ። የሻይ ስኳር ስለሆነ ተማሪው የግሉኮስ አይሶመር ሊያደርገው ይቸኩላል፤ እሱ ግን ከግሉኮስና ከፍሩክቶስ የተጣመረ፣ 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን ያለው ነው። አይሶመሮቹ የወተቱ ላክቶስና የብቅሉ ማልቶስ ናቸው፣ ሦስቱም አራት ሳጥን ሆነው በ«ስ» ያልቃሉ። «የብቅል ስኳር» ሲባል ግን ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሁሉ ማልቶስን ባይጠራው እንኳ ያውቀዋል።

ለመጪው እትም ከአካባቢያችን የተወሰደ ጥንድ ከፈለጉ ጦስኝን እመክርዎታለሁ። በሰሜን ተራሮች ላይ መሬት ለመሬት የሚበቅለው፣ በሻይ የምንጠጣው ጦስኝ መዓዛው በዋናነት ከሁለት ውሁዶች ይመጣል፤ ከታይሞልና ከካርቫክሮል። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ናቸው። ሁለቱም ቤንዚን የሚባል (የመኪናው ነዳጅ ያልሆነ) አንድ ባለስድስት ካርቦን ቀለበት፣ በቀለበቱ ላይም አንድ ሜቲል፣ አንድ አይሶፕሮፒልና አንድ ሃይድሮክሲል የሚባሉ የአቶም ቡድኖች አሏቸው፤ ሃይድሮክሲሉ በታይሞል ከአይሶፕሮፒሉ አጠገብ፣ በካርቫክሮል ከሜቲሉ አጠገብ ተቀምጧል። ይህች የአንድ ወንበር ሽግሽግ ብቻ ታይሞልን በ50 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ነጭ ክሪስታል፣ ካርቫክሮልን በጎንደር የክፍል ሙቀት ፈሳሽ አድርጋዋለች። ታይሞል በነጭ አዝሙድ ውስጥም በብዛት ስለሚገኝ «ከነጭ አዝሙድ የሚገኘው የካርቫክሮል አይሶመር» ቢሉ አራት ሳጥን በትክክል ይሞላል። የናናው ካርቮንም እንዳጋጣሚ ይኸው ቀመር ያለው፣ አራት ሳጥንም የሆነ ነው፤ ስለዚህ «ከነጭ አዝሙድ» የሚለውን ቃል ከፍንጩ እንዳያወጡት።

ሌሎችን በአጭሩ። ኪኒን፣ ዛሬ ለማንኛውም እንክብል የምንጠቀምበት ቃል፣ ከወባው መድኃኒት የተወረሰ ስም ነው፤ «የኪኒን አይሶመር፣ ለልብ ምት መዛባት» ቢባል ኪኒዲን አራት ሳጥን ነው። በቡታጋዝ ውስጥ ያለው ቡቴን አይሶመሩ አይሶቡቴን ነው፤ በባሕር ወለል ግፊት የመጀመሪያው ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። ግን መልሱ ከፍንጩ ውስጥ ስለሚነበብ ጨዋታ የለውም። ለሁለት ሳጥን «ሲስ»፣ ማለትም እንደ ኦሌይክ አሲድ በጥንድ ትስስሩ ላይ የሚታጠፈው አይሶመር ስያሜ፣ ጥሩ ነው፤ በቤንዚን ቀለበት ላይ የሁለት ቡድኖችን አቀማመጥ ከሚጠሩት ሦስት ስሞች አንዱን፣ «ሜታ»ን፣ ግን በሁለት ሳጥን ያየ ሰው ሁሉ ቢራውን ስለሚያስብ «በኦርቶና በፓራ መካከል» ብለው ይጻፉት።

ሰምና ወርቅ በለመደ ከተማ ውስጥ ፍንጭን ማጠማዘዝ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፣ እኔም አልተቃወምሁም። ነገር ግን ቅኔውም ቢሆን ሰሙ በራሱ እውነት ሆኖ መቆም አለበት። «የአንድ እናት ልጆች፣ ቁጥራቸው እኩል፣ አቀማመጣቸው ለየቅል» ብትሉ ሰሙ ቤተሰብ ነው፣ ወርቁ አቶም ነው፣ ሁለቱም አይዋሹም። «የአንድ ንጥረ ነገር መንትዮች» ቢባል ግን ሰሙ ያምራል፣ ወርቁ ሐሰት ነው። እንቆቅልሽ ያልተፈታለት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ያህል አገር የሚሰጠው የጠያቂው መልስ እውነት ስለሆነ ነው፤ መልሱ አከራካሪ ከሆነ አገሩን ማን ይሰጣል?

የቀረው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፣ በእሱ የተቀጣሁት እኔ ራሴ ስለሆንሁ ልንገርዎ። ከብዙ ዓመት በፊት ባዘጋጀሁት ሠንጠረዥ የአይሶመርን «ሶ» ቁልቁል ከሚወርድ ሦስት ሳጥን ጋር አሻገርሁት፤ ፍንጩ «የፔንቴን አይሶመሮች ብዛት»፣ መልሱ ሶስት። በማግስቱ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ አንድ አረጋዊ የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቱን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይህ ቁጥር በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፤ ሦስት ብዬ ብሞላ አይሦመር ሆነብኝ» አሉኝ። ኬሚስትሪው ትክክል ሆኖ ሳለ ሠንጠረዡ በአንድ ፊደል ፈረሰ። የባዕድ ቃል አጻጻፍ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አንዱ አይሶመር፣ ሌላው አይሶሜር፣ ሌላው ኢሶመር ይለዋል፣ የመጨረሻው እንዲያውም አራት ሳጥን ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፦ መሻገሪያውን ሞክሼ ባላቸው ፊደላት ላይ አላደርግም፣ ለአይሶመር የምመርጠውም አራተኛውን ሳጥን፣ «መ»ን ነው። ሞክሼ የለውም፣ አይሶቶፕንም አይሶባርንም በአንድ ጊዜ ይከለክላል፣ በ«መ» የሚጀምር የቁልቁል ቃል ደግሞ በአማርኛ ሞልቶ ተርፏል። በሠንጠረዡ ግርጌም የባዕድ ቃላቱን የምጽፍበትን መንገድ በአንድ መስመር አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ለአግድም 7 እንግዲህ አዲሱ ፍንጭ፣ በ«መ» የተሻገረ ሳጥን፣ ለልጅቷም ያልተሰጣት ነጥብ በሚቀጥለው እትም ላይ ይውጡ።